ከእብናት ሸራ እስከ ጉና ድንኳን

በእብናት ገበያ ደጅ ለማደር የሚሆን ነገር የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቸገርም። ጥቁር ላስቲክ በሜትር ያስቆርጣል፤ ጠርዙ ታጥፎ የተሰፋ፣ ቀለበት የገባለት ሸራ በሙሉው ይገዛል፤ ገንዘብ ካጠረው ደግሞ ባዶ ማዳበሪያ ሰብስቦ ጎን ለጎን ያሰፋል። ዘንጉ ተጣጥፎ ከረጢት የሚገባው፣ በዚፕ የሚዘጋው የካምፕ ድንኳን ግን እዚያ እምብዛም አይገኝም። ለእሱ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መሄድ፣ ይልቁንም አዲስ አበባ መርካቶ መግባት፣ አለዚያም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ መጠበቅ ነው።

ይህን እንደ እጦት የሚያየው ብዙ ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ገበያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአገሩን አየርና መሬትም አብሮ የመዘነ ይመስለኛል። ካምፕ ለመውጣት ያሰበ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ድንኳኑ ስንት ነው?" ብሎ ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን የሚያድርበት ቦታ ዛፍ እንዳለውና እንደሌለው፣ ወሩ የትኛው እንደሆነና ሌሊት የሚያስቸግረው ነፋስ ይሁን ዝናብ ወይስ ትንኝ ነበር። እነዚህ ከተመለሱ የዋጋው ጥያቄ ራሱን በራሱ ይመልሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም መልሱ ሻጩ ከሚለው የተለየ ይሆናል።

ደቡብ ጎንደር አንድ ዓይነት አየር የለውም። አዲስ ዘመን 2,000 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የጉና ተራራ ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። እብናት ወረዳ በበኩሉ በስተ ደቡብ ከፋርጣና ከላይ ጋይንት ደጋ ጋር ተያይዞ፣ በስተ ሰሜን ወደ በለሳ ቆላ እየወረደ ይሄዳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። አዲስ ዘመን ላይ ሌሊቱ 12 ዲግሪ ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ጉና ጫፍ ላይ ያለ ሰው ከዜሮ በታች አድሯል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በመኪናና በእግር በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። አንድ ድንኳን ለሁለቱም ቦታ ይበቃል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ወይ አገሩን አያውቅም፣ ወይ ገዢውን ንቆታል።

ከሙቀቱ ይልቅ ወሳኙ ዛፍ ነው። ከአዲስ ዘመን እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም እስከ ክምር ድንጋይ ድረስ ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ። ሁለት አጣና ለአንድ ሌሊት ተውሶ ጠዋት መመለስ የሚያስቸግር ነገር አይደለም፤ ባለቤቱን ሰላም ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከጉና ትከሻ በላይ ግን አስታው ያጥራል፤ ከዚያም ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ጅብራ ላይ ገመድ አይታሰርም፤ መታሰርም የለበትም። እንግዲህ ዛፍ ባለበት ሸራ ይበቃል፤ ዛፍ በሌለበት የራሱን አጥንት ይዞ የሚሄድ ጥሩ ድንኳን ያስፈልጋል። ርካሹ ድንኳን በሁለቱ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ነኝ ይላል። እሱም ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ማስታወቂያው የሚያሳየው ተራራ አይደለም።

ከሸራው እንጀምር።

ዛሬ ሸራ የምንለው አብዛኛው ጥጥ አይደለም። ፖሊኢትሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሳበ ቀጭን ክር እንደ ሰሌን ይጠለፋል፤ ከዚያ በሁለቱም በኩል በዚያው በፕላስቲክ ይለበጣል። ጥንካሬውን የሚሰጠው ክሩ ነው፤ ዝናብ የሚከለክለው ልባጡ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚያድለው ሸራ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ የቀይ መስቀል ደግሞ 4 በ6። በጥሩው የእርዳታ ሸራ ውስጥ ያለው ክር ጥቁር ነው፤ ላዩ ነጭ ሆኖ። ይህ ለውበት የተደረገ አይደለም። ነጩ ፀሐይን ይመልሳል፤ ጥቁሩ ደግሞ ማታ ፋኖስ ሲበራ የውስጡ ሰው ጥላ ለውጭ ሰው እንዳይታይ ይከላከላል። ልብስ የምትቀይር ሴት ያለችበትን ቤት ያሰበ ሰው ነው ይህን ያወጣው።

በሜትር የሚቆረጠው ላስቲክ ያልተጠለፈ፣ አንድ ወጥ ነው። አንድ ቦታ ከተቀደደ ቀዳዳው እስከ ጫፍ ይሮጣል። ቢሆንም ጥቁሩ ከነጩና ከብርሃን አሳላፊው ይልቅ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ጥቁር ያደረገው የካርበን ዱቄት የፀሐይን ጎጂ ጨረር እዚያው ላዩ ላይ ስለሚያስቀረው ነው። በደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩም ጨረሩ ከመቶ አሥር ያህል ይጨምራል። የበጋ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የከረመ ርካሽ ሰማያዊ ሸራ በጣት ሲነካ የሚፈረፈረው ዝናብ ስለመታው አይደለም። ዝናብ ሸራን አይገድልም፤ ፀሐይና ነፋስ ናቸው የሚገድሉት።

ነፋሱን ሻጮቹ ጠንቅቀው ያውቁታል። አንዲት ገዢ ሸራውን በእጇ እያሸች ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ ይህን ይመስላል።

"አያ፣ ይኼ ስንት ክረምት ይይዛል?"

"እንደ አወጣጠርሽ ነው እቴ። ካላላሽው ነፋስ ይበላዋል።"

ትክክል ነው። ላልቶ የሚንቦጫረቅ ሸራ በእያንዳንዱ ምት እዚያው እጥፋቱ ላይ ይደክማል፤ እንደ ቆዳ የተወጠረ ሸራ ግን ነፋሱን ያንሸራትተዋል። ችግሩ የሚወጠርበት ቦታ ነው። በፋብሪካ የተመታው ቀለበት ብዙ ጊዜ በቀጭን ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ኃይሉ በሙሉ በአንዲት ትንሽ ክብ ላይ ያርፍና ቀለበቱ ተነቅሎ ይወጣል። ገበሬው ለዚህ የሚያደርገው ዘዴ በየትኛውም ዋጋ ከሚገዛ ቀለበት ይበልጣል። ከማዕዘኑ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብሎ፣ ከውስጥ በኩል የእንቁላል መጠን ያላት ልሙጥ ድንጋይ ያስቀምጣል። ሸራውን በድንጋዩ ዙሪያ ያጨማድድና አንገቱን በገመድ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ያስራል። ሲሳብ ድንጋዩ በገመዱ ውስጥ አያልፍም፤ ሸራውም አልተበሳም፤ ኃይሉም በሰፊው ጨርቅ ላይ ተከፋፍሏል። ድንጋዩ ግን ሾጣጣ መሆን የለበትም። የተቀጠቀጠ የመንገድ ጠጠር ሌሊቱን ሙሉ ሸራውን ሲሞርድ ያድራል፤ የወንዝ ጠጠር ነው የሚፈለገው። ከገመዱ ጋር ከመኪና ካመናዳሪ የተቆረጠ ጎማ ቢቀጠል ደግሞ፣ ነፋሱ ድንገት ሲመታ ጎማው ትንሽ ተለጥጦ ይቀበለዋል።

ሸራ ሲተከል የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት እንደ ሠርግ ዳስ ጠፍጣፋ ማድረግ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ አንድ ሊትር ደግሞ አንድ ኪሎ። 4 በ5 የሆነ ሸራ 20 ካሬ ሜትር ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ሸራው ላይ ያረፈው ውሃ 600 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ባይጠራቀምም፣ እሩቡ እንኳ መሃል ላይ ከቆየ ሸራውም አጣናውም አብረው ይወርዳሉ። አንዱን ጎን ከፍ፣ ሌላውን መሬት እስኪነካ ዝቅ ማድረግ፣ ዝቅተኛውንም ጎን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ማዞር ነው መፍትሔው። ሸራው እንደዚያ ሲሆን ጣሪያም ግድግዳም ይሆናል፤ ፊት ለፊቱ ተከፍቶ ስለሚያድርም እሳት ይታያል፣ ቡና ይፈላል። የትኛውም ውድ ድንኳን ይህን አይፈቅድም፤ ናይለን አጠገብ እሳት ማንደድ ቤትን በራስ እጅ ማቃጠል ነው።

እንዲህ ካወደስኩት በኋላ ሸራው የማይችለውን መናገር ግድ ነው። ከእብናት ወደ ቆላው፣ ወይም ወደ ፎገራና ሊቦ ከምከም ሜዳ የሚወርድ ሰው ክፍት ሸራ ሥር ማደር የለበትም። ወባ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየቦታው ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ከወባም ሌላ አለ፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላ አዛር ወረርሽኝ ተከስቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። በዚያው አካባቢ የተደረገ ጥናት በሌሊት ደጅ የማደርና በግራር ጥላ ሥር የመተኛት ልማድ ካላቸው ሰዎች ጋር በሽታውን አያይዞታል። የግራር ጥላ ከዚያ ወዲህ ለኔ እንደ ድሮው ጥላ ሆኖ አልታየኝም።

ርካሹ ድንኳን የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ርካሽ ድንኳን ምኑ ላይ ረከሰ? ጨርቁ ላይ አይደለም፤ ጨርቁ ከውዱ ብዙ የማይለይበት ጊዜ አለ። የተቆጠበው በማይታየው ነገር ላይ ነው። ዘንጉ ፋይበርግላስ ነው። ፋይበርግላስ ይለመጣል፣ ይለመጣል፤ ከዚያ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ሲሰበርም እንደ ሸንበቆ ተሰንጥቆ ስንጣሪው ጨርቁን ይወጋዋል። የዝናብ ልባሱ አናቱን ብቻ የሚሸፍን አጭር ቆብ ነው፤ በደብረ ታቦር ግን ዝናብ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከነፋስ ጋር ሲመጣ በጎን ነው የሚገባው። ካስማው ቀጭን ሽቦ ነው። በደረቅ መሬት ይጣመማል፤ በእብናትና በፎገራ ዋልካ ላይ ደግሞ መሬቱ ሲረጥብ እንደ ቅቤ ውስጥ ቢላዋ ይወጣል። የስፌቱ ቀዳዳ አልታሸገም፤ መርፌ የገባችበት ሁሉ ውሃ ይገባበታል።

በካርቶኑ ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ይጻፋል። ትርጉሙ ጨርቁ ማንጠባጠብ ከመጀመሩ በፊት በላዩ ሊቆም የሚችለው የውሃ ዓምድ ቁመት ነው። ለጣሪያ 1,500 ይበቃል፤ ዝናብ ጣሪያ ላይ ያን ያህል አይጫንም። ወለሉ ግን ሌላ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት ጉልበቱ ቢንበረከክ፣ ግማሹ ክብደቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ያርፋል። ይህ ከ3,500 ሚሊ ሜትር የውሃ ዓምድ የሚበልጥ ግፊት ነው። "ድንኳኔ ከሥር አፈሰሰ" የሚለው ሰው ዝናቡን ይወቅሳል፤ ውሃውን ያስገባው ግን የራሱ ጉልበት ነው። ከወለሉ ሥር አንድ ሜትር ተኩል ላስቲክ ማንጠፍ ይህን ይፈታዋል። ላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ የጣሪያውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባል።

እንግዲህ ርካሹን ድንኳን ከዝናብ መከላከያነት ካባረርነው ምን ይቀረዋል? ዚፕ ያለው የወንፊት ክፍል ይቀረዋል። ትንኝ፣ ቁንጫ፣ ጊንጥ፣ የሚሳብ ነገር አይገባም። ለቆላ ሌሊት ከዚህ በላይ የሚፈለግ የለም። በላዩ ሸራ ወጥሮ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ትቶ የሚያድር ሰው፣ በርካሽ ገንዘብ ባለ ሁለት ግድግዳ ድንኳን ሠርቷል። ሸራው ዝናቡንና ፀሐዩን ይይዛል፤ ድንኳኑ ነፍሳቱን። ድንኳንም መግዛት ያቃተው አጎበሩን ከሸራው ሥር ሰቅሎ ጠርዙን ከምንጣፉ ሥር ይወትፋል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከሆነ ከርካሹ ድንኳን ወንፊት ሳይሻል አይቀርም።

በካርቶኑ ላይ "የሁለት ሰው" ተብሎ የተጻፈውን ማመን ሌላው ጣጣ ነው። ጋቢ የማያውቁ ሁለት ቀጫጭን ሰዎች ጎን ለጎን ሲተኙ ነው የለኩት። ጋቢ፣ ቦርሳና ጫማ ይዞ ለሚገባ አበሻ የሁለት ሰው ማለት የአንድ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጉና እንውጣ። ከክምር ድንጋይ ወይም ከጋሳይ በኩል የሚወጣ ሰው ከእርሻው በላይ ሲደርስ መሬቱ ይለወጣል። አፈሩ ስስ ነው፤ ካስማ ግማሹ ሳይገባ ድንጋይ ይነካል። የሚታሰርበት ግንድ የለም። ነፋሱን የሚያቆመው ነገርም የለም። የነፋስ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የአየሩን መሳሳት ታሳቢ አድርገን ብንቆጥር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 3 ካሬ ሜትር የሆነውን የድንኳን ጎን 19 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። ነፋሱ 80 ሲደርስ ግፊቱ 76 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ሙሉ ክብደቱን ይዞ ድንኳኑ ላይ ተደግፎ እንደማለት ነው። ፋይበርግላሱ የሚሰነጠቀው፣ ሸራውም ከነድንጋዩ የሚነሣው ያኔ ነው።

ጥሩ ድንኳን የሚከፈልበት ለዚች ሰዓት ነው። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይጣመማል እንጂ አይሰነጠቅም፤ የተጣመመውንም በእጅ አቃንቶ በአጭር ቱቦ መጠገን ይቻላል። ዘንጎቹ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ቦታ ይጠላለፋሉ። የዝናብ ልባሱ እስከ መሬት ይወርዳል፤ አውታር የሚታሰርበት ቦታም ከዘንጉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ነፋሱ ጨርቁን ሳይሆን ዘንጉን እንዲጎትት። ካስማ በማይገባበት መሬት አውታሩን ረዘም አድርጎ ጫፉን በትልቅ ድንጋይ መጠምጠም፣ ሌላ ድንጋይም ከፊቱ መደርደር ነው። ርካሽ ድንኳን ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚበቃ አውታር እንኳ የለውም።

ድንኳን ያሞቃል ብሎ የሚገዛ ግን ተታሏል። የትኛውም ድንኳን ነፋስ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ሙቀቱን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ነው፤ ስለዚህ ለውድ ድንኳን ከከፈሉት ገንዘብ ትንሿን ቀንሰው ለአጎዛ ወይም ለጥሩ ምንጣፍ ቢያውሏት ሌሊቱ ይለያል። ሌላው የደጋ ጠላት የራስ እስትንፋስ ነው። የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የሚደርስ ውሃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል። ሁለት ሰው ሲሆን ይታያችሁ። በጥር የጠራ ሰማይ ሥር የድንኳኑ ጨርቅ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ እስትንፋሱ እዚያ ሲደርስ ጤዛ ይሆናል፤ በጉና ላይ ደግሞ ውርጭ ሆኖ ይጋገርና ጠዋት ፀሐይ ሲመታው በተኛው ሰው ላይ ይዘንባል። ይህን የማያውቅ "አዲሱ ድንኳኔ አፈሰሰ" ብሎ ሻጩን ሊጣላ ይሄዳል። ባለ ሁለት ግድግዳ ድንኳን ጤዛው ከውጭኛው ልባስ ላይ እንዲቀር ያደርጋል፤ ይህም የሚሆነው የአየር መግቢያው ሳይዘጋ ካደረ ነው። በብርድ ምክንያት ቀዳዳውን ሁሉ የሚደፍን ሰው ረጥቦ ያድራል፤ የረጠበ ሰው ደግሞ የባሰ ይበርደዋል።

ነገሥታቱ ይህን ችግር በጨርቅ ሳይሆን በወር ነበር የሚፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን የድንኳን ከተማ በዝርዝር ጽፏል። ቀዩ ትልቅ ድንኳን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ድንኳኖች፣ የቀኝና የግራ ሹማምንት ማረፊያ፣ ሁሉም ሰፈሩ በተነቀለ ቁጥር እዚያው ቦታቸው ይተከሉ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ግን በክረምት አይጓዝም፤ ሠራዊት ክረምቱን በአንድ ቦታ ይከርማል፣ መስከረም ሲጠባ ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስም ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አስጎትተው ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ መቅደላ እስኪደርሱ ወራት ፈጅቶባቸዋል፤ ወራቱ ግን የበጋ ነበሩ። ዛሬም ጥር 10 ታቦታቱ በድንኳን የሚያድሩበት ሌሊት ብርድና ጤዛ እንጂ ዝናብ የለውም፤ ለዚያ ቀጭን የጥጥ ድንኳን ይበቃል። ያው ድንኳን ነሐሴ 13፣ በቡሄ ቀን ደብረ ታቦር ላይ ቢተከል ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ጥጥ ሲረጥብ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ስለዚህ ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን ክብደቱ ይጨምራል፤ ከውስጥ በጣት የነኩትም ቦታ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ከእብናት ስም ጋር የዓለም ጋዜጦች ያያያዙት መጠለያ ግን የነገሥታት አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ እብናት ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ረሃብተኛ የሰፈረበት ትልቅ መጠለያ ነበር፤ ከበለሳ፣ ከዋግና ከላስታ በኩል የመጣ ሕዝብ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ባለሥልጣናቱ ክረምት ስለቀረበ ወደ አገራችሁ ገብታችሁ እረሱ ብለው ሕዝቡን በግድ በተኑት፤ የሣር ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ነገሩ በዓለም ሲሰማ ትልቅ ቁጣ ተነሣ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ስህተት ነበር አሉ። ዝናብ ሊገባ ሲል መጠለያን ማቃጠል ምን ማለት እንደሆነ በእብናት ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የእርዳታ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት የደረሱበት ሐሳብ ለካምፕ ወጪውም ይጠቅማል። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል ያስፈልጋል ይላሉ። የስደተኞች ኮሚሽኑ የቤተሰብ ድንኳን 16 ካሬ ሜትር ዋና ክፍል አለው፤ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እንዲያገለግል የሚጠበቀውም ለአንድ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከድንኳን በፊት ሸራ፣ ገመድና መዶሻ መስጠትን ይመርጣሉ። ሸራውን ሰውየው ዛሬ በእንጨት ላይ ይወጥረዋል፤ ነገ ወደ ቀዬው ሲመለስ የፈረሰ ጣሪያውን ይሸፍንበታል፤ ከነገ ወዲያ እህሉን ያሰጣበታል። ድንኳን ግን ድንኳን ብቻ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በጦርነትና በግጭት ስንቱ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ በሸራ ሥር እንዳደረ ያየ፣ ሸራን "የደሃ ድንኳን" ብሎ አይንቅም።

እንግዲህ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ለሚጠይቀኝ የምመክረው ይህ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ሸራ ይግዛ፤ የተጠለፈ፣ ሁለት በኩል የተለበጠ፣ ወፍራም። ከሱ ጋር ጥሩ ገመድ። ይህ ለፋርጣ፣ ለእብናት ደጋ፣ ሰው ቤት አጠገብ ለሚታደርበት ሁሉ ይበቃዋል፤ ካምፕ ባይወጣበት ቤት ሲያፈስ ይደርስለታል። ቆላ የሚወርድ ከሆነ ርካሽ ድንኳን ወይም አጎበር ይጨምር። ጥሩውን ድንኳን ግን ለመግዛት አይቸኩል፤ ይከራይ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንካበር፣ ግጭ ወይም ጨነቅ የሚያድር ሰው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው የሚያድረው፤ ለዚያ ጉዞ ድንኳን በጎንደርና በደባርቅ ሲከራይ ኖሯል። በዓመት አንዴ ለሚወጣ ሰው ኪራዩ ያዋጣል። በየወሩ ተራራ የሚወጣ፣ መሪ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሲሆን ነው መግዛቱ የሚያዋጣው፤ ያኔም ለጨርቁ ሳይሆን ለዘንጉና ለልባሱ ይክፈል። በመቄትና በላስታ በኩል ደግሞ የማኅበረሰብ ቱሪዝም የሠራቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ፤ እዚያ የሚሄድ ድንኳን መሸከሙም ላያስፈልገው ይችላል።

የሚከራይ ሰው ድንኳኑን ሳይተክል እንዳይወስድ። ግቢ ውስጥ ይትከለው፤ ካስማውን ይቁጠር፤ ዚፑን ሦስት ጊዜ ይክፈት ይዝጋ። ሲመሽ አንድ ሰው የስልክ መብራት ይዞ ውስጥ ይግባ፤ ሌላው ውጭ ሆኖ ስፌቱን ይመልከት። ብርሃን የሚወጣበት ነጥብ ሁሉ ውሃ የሚገባበት ነው። የዘንጉን መጋጠሚያ በጥፍር ይዳስስ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች በጉና ላይ የምትሰበረው እዚያው ጋ ናት።

ቦታ ሲመርጥ ደግሞ ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና እንደሚነሡ አይርሳ። ፎገራ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ፣ ላይ ጉና ላይ የጣለው ዝናብ እኩለ ሌሊት ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ወንዝ ዳር ያለው ለስላሳ አሸዋ ለመተኛ የሚመች የሚመስለው ውሃው ስለደለደለው ነው።

ከጉዞ ሲመለሱ ድንኳንን እርጥቡን ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ መወርወር የተለመደ ነው። ውስጡ የተቀባው ፖሊዩረታን እርጥበት ላይ ሲከርም ይበሰብሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲፈታ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ይሸታልም። ያኔ አይጠገንም። በጥላ ሥር፣ በነፋሻ ቦታ ይሰቀል፤ ፀሐይ ላይ አይዋል። ከመታጠፉም በፊት ኪሶቹ ይራገፉ፤ ቆሎ የተረሳበትን ድንኳን አይጥ በዚፕ በኩል አትገባበትም፣ በጎኑ ነው የምትገባው።